የሟች ነው ብዬ የሰጠኋት ሽርጥ

ጠንቋይ፣ አዋቂ፣ ባለ ዛር የሚባል ሁሉ ለእኔ ሌባ ነው፣ ዛሬም እነሱን ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን ስነግርህ ሞኝ ነው ብለህ እንዳትስቅብኝ።

እኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች ዶራሌ ወደብ ጭነት ለማንሳት ወረፋ የያዝን ሰሞን ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢና ውስጥ አይተኛም፣ ሁላችንም ከተሳቢው ስር ምንጣፍ ዘርግተን፣ ፊታችንን በሽርጥ ሸፍነን እንጋደማለን። አንድ ቀን ከሰዓት ልታጠብ ሄጄ ስመለስ፣ ጓደኛዬ መኮንን በእኔ ምንጣፍ ላይ እንደተኛ በጩቤ ተወግቶ ሞቷል። አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም።

ሚስቱ ከአዳማ ደውላ፣ «እዚያው ካርቲየ 1 የሚባል ሰፈር ገዳይ የምታወጣ ሴት አለች አሉኝ፣ በእናትህ ልብሱን ውሰድላት» እያለች አለቀሰች። ተናደድኩ። በሟች ስም የምትነግድ አሮጊት ላጋልጥ ብዬ የራሴን ሽርጥ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ግርማ የሚባለው ሹፌር አብሬህ ካልሄድኩ ብሎ ድርቅ አለ፣ ከግድያው ጥቂት ቀን በፊት በወረፋ ተናንቀን የታረቅን ሰዎች ነንና ደግነቱ ገረመኝ። ስንደርስ ግን አልገባም ብሎ ደጅ ቀረ።

«እማማ፣ የሟቹ ነው» ብዬ ሰጠኋት። ሽርጡን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳበሰችው። እመነኝ፣ ቬንትሌተሩ እየዞረ ነፋሱ ቀረ፣ ከዚያ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ቧንቧም ባልዲም የለውም።

ድንገት ሽርጡን ፊቴ ላይ ወረወረችው።

«ኖን! ውሸታም! የዚህ ባለቤት መች ሞተ? ገዳዩ የመጣው ግን ለእሱ ነበር። አንተ ስትታጠብ ያ ምስኪን ፊቱን ሸፍኖ በቦታህ ተኛ።»

ሽርጡን ከፊቴ ላይ ገፍፌ ጠየቅኳት። «ማነው የገደለው?»

«በሟች ለሚቀልድ ስም አልሰጥም፣ ውጣልኝ! የት እንደምትተኛ ለሚጠይቅህ ሰው ብቻ እንዳትነግር።»

ግርማ ደጅ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

«ምን አለች?»

«አጭበርባሪ ናት» አልኩት።

ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣ ረጋ ብሎ፣ «አንተ፣ ዛሬ የት ነው የምትተኛው?» አለኝ።

ምናልባት አስቦልኝ ይሆናል፣ ሹፌር ሹፌርን ሁሌም የሚጠይቀው ነገር ነው። ለፖሊስስ ምን ልበል፣ አሮጊት ነገረችኝ? ሁለት ጊዜ ተመልሼ ይቅርታ ልለምናት ሄጄ በሯን አልከፈተችልኝም። የመኮንንን ሚስት «ምንም አታውቅም» ብዬ ዋሸኋት፣ ባልሽ በእኔ ፋንታ ሞተ የምልበት አፍ አጣሁ፣ በዚህ ራሴን እጠላዋለሁ።

ገዳዩ እስካሁን አልተያዘም። ግርማ ግን ዛሬም ይደውላል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ለመሆኑ ዛሬ የት ታድራለህ?» ይለኛል። እኔም የሌለሁበትን ከተማ እነግረዋለሁ።