የናሶሚክ ሐይቅ ጥዶች

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነበር። ከጉሙ ውስጥ፣ ከእግር ስር ይሁን ከማዶ ዳርቻ ሳይለይ፣ የታፈነ በሬ የሚያጓራ የሚመስል ረጅም ጩኸት ተነሳ፤ ተንደረደረ፤ ሄዶ ሄዶ ከካታህዲን ተራራ ግርጌ ሲደርስ እንደተበጠሰ ሽቦ ጥዝ ብሎ ጠፋ። ሐይቁ ገና አይታይም ነበር።

«ሰማኸው?» አለ ረናልድ ቲቦዶ።

«ሚስቴ ናት» አለ ኤልውድ፣ በአመዳይ ላይ እንዳይሰጥም የሚያስኬደውን ሰፊ የበረዶ ጫማ ጠፍር እያጠበቀ። «መምጣቴን ሰምታ ከወዲሁ መራገም ጀምራለች።»

ረናልድ አልሳቀም። በመጋቢት መጨረሻ የናሶሚክ ሐይቅ እንዲህ የሚጮኸው በላዩ የተጋገረው በረዶ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ጥቂት ቀን ካደረ ሰው አይሸከም፣ ጀልባ አያሳልፍ፤ ዙሪያውን ያለው ደን ደግሞ ወገብ በሚውጥ አመዳይ ተዘግቷል። ያን ጊዜ በሐይቁ ራስ ላይ ያለ ሰው ቢታመም ታመመ፣ ቢሞት ሞተ ነው። በሐይቁ ራስ ላይ ያለችው ደግሞ ኦዲል ናት፤ የረናልድ እህት፣ የኤልውድ ሚስት።

ኦዲል የበረዶውን ወራት ሁሉ ብቻዋን የእንግዳ ማረፊያውን ትጠብቃለች። በበጋ ከቦስተንና ከኒውዮርክ ጎብኚዎች በጀልባ እየመጡ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ውሃ ዳር ቆሞ ሲግጥ ያያሉ፣ ተራራውን ይወጣሉ፤ በመከር ደኑ እንደ ፍም ሲቀላ ፎቶ ሊያነሱ ይጋፋሉ። የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ የሜይን ግዛት ለብርድና ለዝምታ ትቀራለች። የኦዲል ሥራ ጣሪያዎቹ እንዳይደረመሱ አመዳዩን መጥረግ፣ ማታ ማታ ደግሞ በመገናኛ ሬዲዮው በሐይቁ ግርጌ ላለው መንደር ባለ ሱቅ «ደህና ነኝ» ማለት ነበር። ካለፈው ትልቅ አውሎ ነፋስ ወዲህ ግን ድምጿ አልተሰማም። ባለ ሱቁ በየማታው ይጠራታል፤ የሚመልስለት ፍሽታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ረናልድ ሊያወጣት ተነሳ። ኤልውድም «ሚስቴን ሌላ ሰው አያመጣልኝም» ብሎ ጠመንጃውን አንግቦ ወጣ። እንዲያውም ከፊት ቀደመ።

ከመንደሩ እስከ ማረፊያው ያለው የበረዶ ላይ መንገድ በጥድ የተሰመረ ነው። በየዓመቱ ሐይቁ ሲረጋ ጠባቂው በረዶውን እየበሳ ወገብ የሚደርሱ ትንንሽ ጥዶች ይተክላል፤ ውሃው መልሶ ሲጋገርባቸው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። መስመሩ ወንዙ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አፍ ሲቃረብ ርቆ ይዞራል፤ እዚያ ወራጁ ውሃ በረዶውን ከስሩ ይበላዋልና። መዞሪያው ላይ ሁለት ጥዶች አንድ ላይ ታስረው ይቆማሉ። የተከለ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ነፍስ ተሸክሟል። የናሶሚክ ልጅ ስሙን መጻፍ ሳይማር ጥድ መከተል ይማራል። እንግዳ ሰው በየእርምጃው በረዶውን በብረት እየወጋ ይሄዳል፤ የሐይቁ ሰው ግን ጥድ ካየ ብረቱን በትከሻው ይሸከማል። በዚህ ነገር ተንኮል የሠራ ሰው አልተወለደም፤ ለድርጊቱ ስም እንኳ አላወጡለትም።

ጉሙ ሲገፈፍ ነፋሱ መጣ። ከባሕር ተነስቶ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ ሁሉ የሚፈራው ነፋስ ነበር፤ መጀመሪያ እርጥብ አመዳይ አዘነበባቸው፣ ቀጥሎ አመዳዩን ወደ መርፌ ለወጠው። ፊታቸው ተላጠ። ሽፋሽፍታቸው እርስ በርሱ ተጣበቀ። በገመድ ተያይዘው፣ ረናልድ ስንቅ የጫነውን ሸርተቴ እየጎተተ፣ ከአንዱ ጥድ ወደ ሌላው ጥድ እንደ ዕውር በዳሰሳ ሄዱ። አንዱን ሲነኩ ሌላው አይታይም። ጨረስን ሲሉ እጃቸው ቅጠል ይይዛል።

«እህትህ ጥሩ ትተክላለች» ሲል ጮኸ ኤልውድ በነፋሱ ውስጥ። «ከዚህ ሌላ ግን አንድ የሚረባ ነገር አታውቅም። ባቄላ ስትቀቅል አይተሃታል?»

«እናታችን ናት ያስተማረቻት።»

«እሱን ነው የምልህ፤ ዘር ነው።»

እኩለ ቀን ላይ መስመሩ ወደ ሐይቁ የገባ አንድ የመሬት ምላስ ላይ አወጣቸው። እዚያ መንገዱ በደኑ መካከል የተረገጠች ጠባብ ፈለግ ናት። ነፋሱ በዛፎቹ ተሰብሮ ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ አንድ ነገር ይተነፍስ ነበር።

ሙሷ ፈለጓ ላይ ቆማለች። ክረምቱን ሙሉ መዥገር ደሟን የመጠጠባት፣ ስታክክ ጸጉሯ አልቆ ቆዳዋ እንደ አመድ የነጣ፣ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ የሚቆጠር። ግራና ቀኙ ጥልቅ አመዳይ ነው፤ እዚያ ከገባች እንደማትወጣ ታውቃለች። የተረገጠችውን መሬት ለማንም አትለቅም።

«ወደ ኋላ» አለ ረናልድ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ።»

ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። መጣች። ረናልድ ለመዞር ሲሞክር አንዱ የበረዶ ጫማው ሌላውን ረገጠና በግንባሩ ወደቀ። የሚጎትተውን ሸርተቴ በፊት እግሮቿ ደበደበችው፤ ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ የስንቁ ማሰሮ ደቀቀ፤ አንዱ ኮቴ ጎኑ ላይ አረፈና ውስጡ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማው። ሁለተኛው ኮቴ ለራሱ ተነስቶ ነበር። ኤልውድ ገመዱን በሁለት እጁ ስቦ እንደ ግንድ ጎተተውና ተኮሰ።

ሙሷ አልወደቀችም። ሆዷን ነበር ያገኛት። አራት እግሯን አንፈራጣ ቆማ ታያቸው ጀመር።

«ጨርሳት» አለ ረናልድ ጎኑን ይዞ።

«ለምን? ከእንግዲህ አትነካንም።»

«ኤልውድ፣ ጨርሳት።»

«ጥይት ከሰማይ አይዘንብም፣ አማቼ። ተነስ። ስላዳንኩህ አመሰግናለሁ በል እንጂ።»

ረናልድ አመሰገነው። ሐሰት አልነበረም፤ ያ ገመድ ባይሳብ ኖሮ ጭንቅላቱ እንደ ማሰሮው ነበር። በጥልቁ አመዳይ ዞረዋት ሲያልፉ ሙሷ አንገቷን እያዞረች ተከተለቻቸው፤ ትንፋሿ ረጅም መንገድ ከኋላቸው ተሰማ።

ወደ በረዶው ሲመለሱ ሰማዩ ተከፈተ። ካታህዲን ከነሙሉ ነጭነቱ ወጣ፤ ጎብኚዎች ከሩቅ የሚመጡለት ያ ውበት ለማንም የማያዝን ውበት ነበር። ረናልድ በየትንፋሹ ጎኑ ይወጋዋል። ኤልውድ ከፊት እያፏጨ ይሄዳል። ጥዶቹ ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል፤ ከነዚያም ወዲያ ሁለት አንድ ላይ የታሰሩ። መዞሪያው። ዞሩ።

ጥቂት እንደሄዱ ረናልድ ቀና ብሎ ተራራውን አየ። በቀኝ ትከሻው በኩል መሆን ሲገባው በግራው ነበር። ሕመሙ ነው፣ አለ በልቡ፤ ራሴ ዞሮ ነው። ጥዶቹ እዚያው አሉ። ብረቱን ከትከሻው አላወረደም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በረዶ ግን ማሳሳቅም አያውቅም። ኤልውድ ፉጨቱን ሳይጨርስ ጠፋ። የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ውሃ ክብ ሠርቶ ይተነፍስ ነበር። ገመዱ ረናልድን ወደ ቀዳዳው ስቦ ጣለው፤ ከቀዳዳው አፋፍ ላይ ብረቱን በረዶ ውስጥ ተክሎ ተያዘ። የኤልውድ ራስ ወጣ። ጠመንጃው ሄዷል። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለውም። ረናልድ በሆዱ ተኝቶ፣ የተሰበረው ጎኑ እንደ ቢላ እየቆረጠው፣ ሳበ፤ አፋፉ ተሸረፈ፤ ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ ተሸረፈ። በመጨረሻ ያ ከባድ ሰው እንደ ዓሣ በሆዱ እየተንሸራተተ ወጣ። በእንብርክክ ወደ ዳርቻው ተሳቡ።

ከደኑ ጠርዝ ሲደርሱ የኤልውድ ልብስ በረዶ ጋግሮ ቆርቆሮ ሆኖ ነበር፤ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። እንዲህ የረጠበ ሰው እሳት ካላገኘ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞታል። ክብሪቱ ያለው በረናልድ ኪስ ነው። በርች ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ላጠ፣ ደረቅ ጭራሮ ሰበረ፣ ክብሪቱን ጫረ። ነበልባሉ ያዘ። ኤልውድ ሁለት እጁን ሊከትበት እስኪደርስ ተጠጋ።

«አይተሃቸዋል?» አለ ጥርሱ እየተፋጨ።

«ምኑን?»

«ጥዶቹን። እስከ መሬቱ ምላስ ድረስ ያሉት ቅጠላቸው ቢጫ ነው፤ በጥር የተተከሉ ናቸው። ከመዞሪያው ወዲህ ያሉት ግን አረንጓዴ። ሙጫቸው ገና አልደረቀም፤ የሚወስዱትም በቀጥታ ወደ ወንዙ አፍ ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ከአውሎው በኋላ በዚህ ሐይቅ ላይ የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው። ቀበሮ ጥድ አይተክልም።»

ረናልድ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ።

«ሊገድሉት የሚገባ ባል ነኝ ማለት ነው» አለ ኤልውድ፣ ሙቀቱ ምላሱን እየፈታው። «ይሁን። ልሙቅ ብቻ። ባለፈው ሁለት ጣቷን ነበር።»

«ጣቷን የጀልባ ገመድ ነው የሰበረው። ራሷ ነግራኛለች።»

«ገመዱ እኔ ነኝ። ደረጃውም እኔ ነኝ፤ ከደረጃ ወደቅሁ ያለችህ ጊዜ። ምን ታፈጣለህ? አታውቅም ነበር?» ኤልውድ በእውነት የተገረመ መሰለ። «ሸሽታ ቤትህ የመጣች ለት በገዛ መኪናህ ጭነህ ያመጣህልኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ‹ባልና ሚስት መሃል አልገባም› ብለህ። ያን ቀን ወደድኩህ። ይሄስ ወንድም ነው አልኩ።»

ጭራሮው ተንጣጣ። ከወንዙ አፍ በኩል ውሃው ያልጎመጉማል።

«ዛሬ ግን ጣት አይበቃኝም» አለ ኤልውድ በዝግታ፣ የነገ ሥራውን እንደሚያወራ ሰው። «ዛሬ ተረጋግቼ ነው የምጀምረው።»

ረናልድ ተነሳ። የበረዶ ጫማውን ጫፍ አመዳዩ ውስጥ ሰደደና እሳቱ ላይ አፈሰሰው። ነበልባሉ ፍስ ብሎ ጠቆረ። ደግሞ አፈሰሰ። ከዚያ የኤልውድን የበረዶ ጫማዎች አንስቶ በጀርባው አንጠለጠላቸው።

ኤልውድ የሚጨሰውን አመድ፣ ከዚያም እሱን አየ። «አትቀልድ፣ አማቼ።»

ረናልድ ጠፍሩን አጠበቀ።

«ከሙሷ ስር ጎትቼ ያወጣሁህ እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ ረናልድ። «አውጥተኸኛል።»

ሄደ። በዳርቻው፣ በዛፎቹ ስር ሄደ እንጂ ከእንግዲህ በጥድ አልሄደም፤ በረዶ መርገጥ ግድ በሆነበት ቦታ ሁሉ እንደ እንግዳ ሰው በየእርምጃው በብረቱ እየወጋ። ከኋላው በመጀመሪያ ስድብ መጣ። ቀጥሎ ሳቅ። ቀጥሎ ኤልውድ፣ ረናልድ ሰምቶት በማያውቀው የልጅ ድምፅ፣ ማለ፤ ከእንግዲህ እጄን አላነሳባትም፣ በእናቴ አጥንት፣ ረናልድ፣ ረናልድ። የሆድ ዕቃዋን ተመትታ የቀረችው ሙስ አሁንም ቆማ ይሆን ሲል አሰበ፤ ለምን እሷን እንዳሰበ አላወቀም። እግሩ አልቆመም። ወንዙን ከአፉ ራቅ ብሎ ሲሻገር ድምፁ በውሃው ተዋጠ፤ ተሻግሮ ሲያዳምጥ ከማዶ ምንም አልነበረም።

ማረፊያው ከነጭሱ ታየ። በሩ ሳያንኳኳ ተከፈተ። ኦዲል ከስታ ነበር፤ ደህና ግን ነበረች። ፊቱን አላየችም፤ ከትከሻው ወዲያ ሐይቁን ነው ያየችው።

«ብቻህን ነህ?»

«አሁን ብቻዬን ነኝ።»

በጀርባው የተንጠለጠሉትን የበረዶ ጫማዎች አየች። አወረደችለትና ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ወንበር ወደ ምድጃው ሳበች፣ ጎኑን በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት፣ በጨው ሥጋ የበሰለ ባቄላ በሳህን አስቀመጠችለት። ሁለት የተጣመሙ ጣቶቿ ማንኪያውን ሲይዙ አየ። ስንት ዓመት አይቷቸዋል።

«ጥዶቹን ተከትዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ማሰሮውን ማማሰሏን አላቆመችም።

«እኔ ከፊት ሆኜ ቢሆንስ ኖሮ? እሱ ብቻውን የሚመጣ መስሎሽ ነው፣ አይደል ኦዲል? የእኔን መምጣት አታውቂም ነበር።»

አዎ እንድትለው ጠበቀ። ይህቺን አንዲት ቃል ይዞ ወደ መንደሩ ቢመለስ፣ ከወንዙ ማዶ የተወውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ መሸከም ይችል ነበር። እሷ ስትል ግን አልሰማም፤ የሰማው ከመደርደሪያው ላይ ፍሽ የሚል ድምፅ ነበር። ሬዲዮው። የመብራቱ ዓይን በርቶ ነበር። የባለ ሱቁ ድምፅ እንደ ጎረቤት ጥርት ብሎ ገባ፦

«ኦዲል፣ ኦዲል። እንደ ትናንቱና እንደ ከትናንት ወዲያው ነው የምልሽ፤ ረናልድና ኤልውድ አብረው እየመጡልሽ ነው። ዛሬ ማለዳ ሁለቱም ተነስተዋል። የምትሰሚኝ ከሆነ መልሺ።»

ኦዲል እጇን ዘርግታ የሬዲዮውን ቁልፍ አዙራ አጠፋችው። ረናልድ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ኦዲል» አለ። «ስትሰሚው ነበር።»

ምድጃው ውስጥ አንድ ወፍራም ግንድ ጨመረችለት፤ ሌሊቱን የሚበቃ። ካፖርቷን ለበሰች፣ ኮፍያዋን አሰረች፣ መጥረቢያዋን በቀበቶዋ ሻጠች። የራሷን የበረዶ ጫማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አሰረች፤ ቀስ ብላ፣ ማንም እንደማያባርራት ሰው። በሩን ከውጭ ዘጋችው።

በመስኮቱ አያት። ወደ ሐይቁም፣ ወደ መንደሩም አልሄደችም። ከቤቱ ጀርባ፣ ጎብኚ ገብቶበት በማያውቀው ደን ሽቅብ ያዘች። ረናልድ ጎኑን ይዞ በሩን ከፍቶ ስሟን ሲጠራ፣ ቅርንጫፎቹ ከኋላዋ አመዳያቸውን እያራገፉ ነበር።