የአጥሩ ገመድ

ኢንስፔክተር የትናየት ቆቦ ዳር ካለው የኢብሮ ግቢ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ኢብሮ ጠዋት በዕቃ ቤቱ ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኝቷል፤ እብድ ነበር፤ አለቀ። የትናየት እንዲህ ያለውን ዳኝነት ከልቧ ትንቀዋለች። ጎረቤቱ ሲታመም ደጁን የማይረግጥ ሁሉ፣ ሲሞት ሐኪም ይሆናል።

የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሙሀመድሰይድ ከበሩ ላይ ቆመዋል።

«ራሱን ካጠፋ ጀናዛውን እኔ አላሰግድም» አሏት። «ለሌላው መማሪያ ይሁን።»

«ባሌን ሁለቴ አትግደሉብኝ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ጀዊሪያ። ጎብዬ ከተማ እህቷ ዘንድ አድራ ገና መግባቷ ነው።

የትናየት በመጀመሪያ የሟቹን እጆች አየች። በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀው ነጥተዋል፤ እድፍ የሚባል የለባቸውም። ገመዱ ግን አሮጌ፣ ጭቅቅት የጠገበ፣ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁር ነበር። ጣቷን በመሐረቧ ጠረገችና ጀዊሪያን ወደ ጥላው ወሰደቻት።

«ባልሽን ምን ነበር የሚያመው?»

«ወስዋስ። ‹ነጃሳ ነክቶኛል፣ ረክሻለሁ› የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል። ይታጠባል፣ ትንሽ ፋታ ያገኛል፣ ደግሞ ይመለስበታል። ‹ጀዊሪያ፣ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አይለቀኝም› ይለኝ ነበር።»

«ታክሟል?»

«ደሴ ሐኪም ቤት ይመላለስ ነበር። የሚፈራውን ከቀላሉ ጀምረው እያስነኩ፣ ሳይታጠብ እንዲቆይ ያለማምዱታል። ከሶላት በፊት ለሚታጠበው ውዱም ‹እንደ ሰው ሦስት ጊዜ ይበቃሃል› አሉት። ባለፈው ሳምንት የበሩን እጀታ በባዶ እጁ ይዞ እንደ ልጅ ሳቀ።»

የትናየት ገመዱን ስታሳያት ጀዊሪያ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይሄማ የውሻው ነው! ውሻው ከሞተ ወዲህ አጥሩ ላይ ቀርቷል። ኢብሮ ውሻ የነካው ነጃሳ ነው ብሎ በዚያ በኩል አያልፍም፤ በጓሮ ዞሮ ነበር የሚወጣ።»

የእርሻ ሠራተኛው አራጌ ሌሊቱን ማሽላ ሲጠብቅ አድሮ ነው ሬሳውን ያገኘው።

«ገመዱን ቆርጬ ያወረድሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጎረቤቶቹን ‹ጎበዝ፣ ይሄኮ የውሻው ነው› ብላቸው፣ ‹እብድ ገመድ ይመርጣል ወይ› ብለው ሳቁብኝ።»

የትናየት አልሳቀችም። የሟቹን ታናሽ ወንድም መንሱርን አስጠራች። ካውያ የነካው ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን በክንዱ ሥር ይዞ ከሐዘንተኞቹ መካከል ወጣ። ትናንት ከሮቢት መጥቶ ወንድሙን ጠይቆ መመለሱን ነገራት።

«ምን ላይ ነበር ስትለየው?»

«ሲመሽ ገመዱን ከአጥሩ ላይ ሲያወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ለበሬ መስሎኝ ዝም አልሁ። ወላሂ ይቆጨኛል!»

«እንዴት አድርጎ ያዘው?»

«በሁለት እጁ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለው።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። የትናየት የመንሱርን አየችው፤ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ የውሻ ገመድ ነው» ብላ ጀመረች። «ጀዊሪያም አራጌም ያውቁታል። ኢብሮ ይህን ፈርቶ መንገድ ይቀይር ነበር። መንሱር ግን በሁለት እጁ አቅፎ ትከሻው ላይ ሲጥለው አየሁ ይለናል።»

መንሱር ፊቱ ተለዋወጠ። «ሊሞት የቆረጠ ሰው ስለ ነጃሳ ያስባል እንዴ? እብድ አይደለም ወይ?»

«እብድ ስትሉት ያሻውን የሚያደርግ ሰው መሰላችሁ። የሱ ሕመም ያሻውን እንዳያደርግ አስሮ የሚይዝ ነው። ገና የበር እጀታ ለመያዝ ሳምንታት የታገለ ሰው በአንድ ማታ የውሻ ገመድ አያቅፍም። ቢያቅፍም እጁ ይጠቁር ነበር። አስሮ ቋጥሮ ከተሰቀለ በኋላ ማን አጠበው? የመንሱርን ምስክርነት ማንም አልለመነውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ወንድሙን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ‹ምንህን ነው የሚያምህ?› ብሎት ቢሆን ኖሮ ሌላ ገመድ ያነሳ ነበር።»

የትናየት ወደ ሼሁ ዞረች።

«የኢብሮ መሬት በማን እጅ ነው ያለው?»

«በመንሱር» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። «እኛ ሽማግሎቹ ነን ወንድሙ እስኪሻለው በአደራ የሰጠነው። ተሽሎታል ብለን ለፊታችን ጁምዓ ልንመልስለት ነበር።»

«እንግዲህ የኢብሮ ጥፋት መዳኑ ነው። መንሱር፣ እጅህን ዘርጋ።»

አልዘረጋም። አራጌ ክንዱን ጠምዝዞ መዳፉን ከፈተው። የገደለውን ሰው ወደ ወራጁ የሳበበት ገመድ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ልጦት ነበር።

«ያዋርደን ነበር!» ብሎ ጮኸ መንሱር። «ሰው ሁሉ የእብዱ ወንድም ነበር የሚለኝ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ኢብሮን የነፍሰ ገዳዩ ወንድም ይሉታል» አለች የትናየት። «ያዋረድኸውስ አንተ ነህ።» ካቴናውን ስታስርበት ፊቱን እንኳ አላየችውም።

ሐኪሙ መርምሮ ሬሳውን ሲለቅ፣ ሼህ ሙሀመድሰይድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸው ከጀዊሪያ ዓይን ይሸሽ ነበር።

«እኔው አጥበዋለሁ፣ እኔው አሰግዳለሁ» አሉ። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ። መታጠብ ይወድ ስለነበር ከሦስት ጊዜ በላይ እናጥበው ወይ?»

ጀዊሪያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«አይወድም ነበር፣ ሼህ። ሦስት ይበቃዋል። ለምዶት ነበር።»