ያልተፈታ ሻንጣ

ራድዋ በርሊን ሰባት ዓመት ተምራ፣ ከአባይ ማዶ ባለችው የትውልድ መንደሯ የሥዕል መምህርት ከሆነች ዓመት ሊሞላት ነው። ሻንጣዋን ግን አልፈታችም። ክፍል ይዛው እየገባች ቀለሙንም ብሩሹንም ከዚያው እያወጣች ታስተምራለች። ከበርሊን የመጣው የሥራ ደብዳቤም መልስ አላገኘም፤ ልሂድ ወይስ ልቅር ስትል ይመሻል፣ ይነጋል።

በመንደሩ ሰው ሐጅ ሲሄድ ቤቱ በኖራ ነጥቶ፣ ጉዞው ግድግዳው ላይ ተስሎ ይጠብቀዋል። ሠዓሊው ሪፋዒ ነው። ዘንድሮ ተጓዧ የገዛ እናቱ፣ ነፊሳ፣ ስለሆኑ የተማሪዎቿን እጅ እንድታውሰው ራድዋን ለመናት። ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ቀለም ሲበጠብጡ ብዙ አያወሩም፤ ብዙ ይተያያሉ።

ለልጆቹ የሰጠቻቸው ሕግ አንድ ነው፦ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ሳሉ።

ሪፋዒ ይስቅባታል። «እኔ መካን መቼ አየሁና? ሠላሳ ጊዜ ስያታለሁ እኮ።»

እናቱ በሚመለሱበት ቀን ሪፋዒ አውሮፕላኑንና ካዕባውን ጨርሶ፣ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ለልጆቹ ትቶ፣ ሊቀበላቸው ሄደ። ራድዋ ፈተና ስታርም ቆይታ ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ይሳሳቃል።

ልጆቹ ሪፋዒን መሰላል ላይ፣ እሷን ከሥሩ ስለዋቸዋል። ዓይናቸው የድስት ክዳን አክሎ፣ አንዱ ሌላውን ያያል። የተሳለችው ራድዋ በእጇ ሻንጣ አንጠልጥላለች።

እዚያ አገር የሴት ልጅ ስም ከወንድ ጋር ከተነሳ አይመለስም፤ ይሄ ደግሞ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ሥዕሉን ልታጠፋ የኖራውን ባልዲ አነሳች።

«አብላ፣» አለቻት፣ መምህርት በሚጠራበት በአገሩ አጠራር፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ተማሪዋ ዚናት፣ «ያየነውን ነው የሳልነው። ውሸት አለበት?»

ራድዋ ባልዲውን መልሳ አስቀመጠች። ይህን ጊዜ ሪፋዒንና እናቱን የያዘው መኪና ደረሰ። ሐጃ ነፊሳ ወርደው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔን ከአውሮፕላኑ ጋር ሰማይ ላይ ሰቅላችሁኛል» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ልጅ ግን ሻንጣ ይዛ ወዴት ነው?»

«ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ልጠይቃት ፈርቼ ኖሬያለሁ፣ እማዬ» አለ ሪፋዒ። ወደ ራድዋ ዞረ። «ትሄጃለሽ እንዴ?»

ራድዋ ብሩሹን ኖራ ውስጥ ነከረች። የተሳሉትን ሁለት ሰዎች አልነካቻቸውም። ሻንጣውን ብቻ ቀስ እያለች አጠፋችው።

ዚናት ቅር አላት። «አብላ፣ እጅሽ እኮ ባዶ ቀረ። አሁን ምን እናስይዘው?»

ራድዋ ሪፋዒን አየችው፤ የሰው ዓይን ሁሉ እያያት።

«የሚይዘውን ያያችሁ ዕለት ትስሉታላችሁ» አለች።