የሐምሌ ፀሐይ

«በሐምሌ ወር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐይዋም ታቃጥላለች። ልጆች ባሕር ዳርቻ ሄደው ይዋኛሉ» አለ ሙሐሲን፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሥዕል በጣቱ እያሳየ።

ጠይባ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። እዚህ መካነ ሰላም ሐምሌ ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። ከደጋው ከአቀስታ የመጣ ሰውማ ስለ ጉሙና ስለ ብርዱ አውርቶ አይጠግብም።

ታላቅ ወንድሟ ሙሐሲን በመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ነገ ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ወቅቶች ያስተምራል፤ የኮሌጁ መምህርም ከኋላ ተቀምጠው ይገመግሙታል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዟት፣ እሷን ብቸኛ ተማሪ አድርጎ መለማመድ ያዘ።

እስካለፈው ወር ድረስ የቤቱ የኢንተርኔት ሊቅ ጠይባ ነበረች። ጂዳ ያለችው እናታቸው በኢሞ ስትደውል ምስሉ ከተቋረጠ የምታስተካክለው እሷ፤ ለሙሐሲን የቤት ሥራ የሚሆነውን የምትፈልግለትም እሷ። እሱ እቴ! ለእሱ ስልክ መደወያ ብቻ ነበር። ኮሌጁ ከኢንተርኔት እየፈለጉ ትምህርት ማዘጋጀትን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ይሄንን ትምህርት ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አውርዶ፣ ራሱ ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ ነው ያዘጋጀው። ደስታውን መደበቅ አቅቶታል።

ታዲያ ምን ትበል? ብትነግረው «ድሮም አይሆንልኝም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ በሕፃናቱ ፊት መሳቂያ ይሆናል።

እጇን አወጣች። «ቲቸር!»

«አቤት፣ ጠይባ» አለ ኮራ ብሎ።

«የእኛ ሐምሌ የት ሄደ? ዝናቡስ?»

ሙሐሲን ሥዕሉን አየ። እሷን አየ። እንደገና ሥዕሉን አየ።

«ያ ረቢ! የፈረንጅ አገር ሐምሌ ይዤ ልገባ ነበር! ኢንተርኔት ላይ ስላገኘሁት ብቻ፣ ወላሂ፣ አንዴም ቆም ብዬ አላሰብኩም።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። እንባቸው እስኪመጣ ተሳሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ሙሐሲን ስልኩን ዘረጋላት። «በይ እህቴ፣ ጊዜ የለም። የእኛን ሐምሌ አንቺ ቶሎ ታገኚዋለሽ።»

እውነቱን ነው፣ ቶሎ ታገኘዋለች። ጣቶቿን በላት። ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ያለ እሷ መቻሉ ሰሞኑን ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

ስልኩን መልሳ እጁ ላይ አደረገችለት።

«አብሽር፣ ታገኘዋለህ። ስትፈልግ የአገራችንን ስም ጨምርበት። ያገኘኸውንም እኛ ከምናውቀው ጋር አመሳክረው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ተማሪ ነኝ።»

ሙሐሲን በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ መጻፍ ጀመረ። ተሳሳተ፤ አጠፋ፤ እንደገና ተሳሳተ። ጠይባ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ጠበቀችው።