ያልተቆረጠው ጣቃ

ሳውሙ የሰማያዊውን ጨርቅ ጫፍ በጥፍሯ ስትፍቀው ላዩ ተቀርፎ ጭኗ ላይ ረገፈ። ሌላ ቦታ ሞከረች። እዚያም ተላጠ።

«እማዬ፣ ይሄ አንቺ ያልሽው ጨርቅ አይደለም።»

እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና አላለችም። ከጠዋት ጀምሮ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ልባስ ስትሰፋ ትከሻዋ ጎብጧል። «ገና ሲዘረጉት ድምፁን ስሰማ አውቄያለሁ» አለች። «ግን መርጠው ያመጡትን ምን እላቸዋለሁ? ደክሞኛል፣ ሳውሙ። ቁረጪልኝ ብቻ። ጣቴ መቀስ አልይዝ ብሎኛል።»

ጨርቁ የባባ አትማን ነው። በየጠዋቱ ከማንዳ ደሴት ላሙ ከተማ ድረስ ተማሪ በጀልባ የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዝናብ የጀልባቸው የጨርቅ ጥላ ተተርትሮ የልጆቹ ደብተር ሁሉ ራሰ። ያኔ እናቷ ምን እንደሚገዙ ነግራቸው ነበር፤ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ክሩ ራሱ የተነከረ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ግን አየር የሚያሳልፍ። የሚያብለጨልጨውን እንዳይነኩ። እሱን ፀሐይ በአንድ ዓመት ታደርቀውና ነፋስ ይጨርሰዋል።

ሞምባሳ ድረስ ሄዳ የገዛችው ልጃቸው ዙሁራ ናት። የሳውሙ የልብ ጓደኛ።

ከሰዓት በኋላ ዙሁራ በበሩ ብቅ አለች። «ጨረሳችሁ?»

ሳውሙ እጇን ይዛ ወደ ውጪ ወሰደቻት። «ዙ፣ እናቴ ግዙ ያለችው ይሄን ነው?»

«ሰማያዊ አይደል እንዴ?»

«ዙ።»

ዙሁራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «አራት ሱቅ ዞርኩ። እግሬ እስኪያብጥ። አክስቴ ደግሞ ‹አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው› እያለች ትጮህብኛለች። ሻጩ ‹ያው ነው፣ እንዲያውም ይሄኛው ያምራል› አለኝ። ለአባዬ ‹የሳውሙ እናት ያለችው ነው› አልኩት።»

«ንገሪያቸዋ።»

«አብደሻል? ሁለተኛ የትም አይልከኝም። በናትሽ ሳውሙ፣ ሰፍታችሁ ስጡት። እስኪቀደድ እኛ ትምህርት ጨርሰናል።»

«ሲቀደድ የማን ስፌት ነው የሚባለው?»

ዙሁራ ጉልበቷን አቅፋ እዚያው ቀረች።

ሳውሙ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ነገ የሒሳብ ፈተና አለ፤ ደብተሯን ገና አልገለጠችም። ብትቆርጠው በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ እናቷም ጎኗን ታሳርፋለች። ከተቆረጠ ግን የሚመልሰው ሱቅ የለም። መቀሱን አነሳች። ከባድ ነበር። ጨርቁ ላይ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆመች።

ከዚያ አስቀመጠችውና ጣቃውን መጠቅለል ጀመረች። ስትጨርስ ተሸክማው ወጣች።

«አልቆርጠውም። ወደ አባትሽ ልወስደው ነው። ምን እንደምትያቸው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ስምሽን አላነሳም። ትመጪያለሽ?»

ዙሁራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንደዚህ ታደርጊኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። ግን ተነሳች።

ባባ አትማን ከጀልባቸው ውሃ እየቀዱ ሲደፉ አገኟቸው። ጣቃውን አዩት፤ ልጃቸውን አዩዋት። ዙሁራ እያለቀሰች ተናገረች፤ ግማሹ አይሰማም ነበር። ባባ አትማን አልጮኹም። ባልዲውን አስቀምጠው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«በይ፣ ራስሽ ወደ ሱቁ ትመልሺዋለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ጉልበት የለኝም።»

የማንዳ ልጆች ሦስት ሳምንት ያለ ጥላ በጠራራ ፀሐይ ተመላለሱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ሰማ። ዙሁራ ክፍል ውስጥ ቦታ ቀየረች፤ ሳውሙ ሰላም ስትላት አንገቷን ታዞራለች። ሳውሙ ፈተናው ላይም አልሆነላትም። አንዳንዴ ‹ቆርጬው ቢሆን ኖሮ› ትላለች፤ ከዚያ ትተወዋለች።

አንድ ቅዳሜ ዙሁራ አዲስ ጣቃ በትከሻዋ ይዛ መጣች። ላብ በላብ ሆናለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው ቆመች። ሳውሙ በጥፍሯ ፋቀችው፤ አጠፈችው፤ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛ አየችው። እስከ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

«እሱ ነው?» አለች ዙሁራ።

«እሱ ነው።»

«አሁንም አኩርፌሻለሁ።»

«እሺ» አለች ሳውሙ፤ መቀሱን አነሳች። «ጫፉን ያዢልኝ።»

ዙሁራ ጠጋ ብላ ያዘችላት።