ጠበሉ እያወጣው ነው

ወይዘሮ ጥሩሐረግ በፍልሰታ ጾም መገባደጃ ሞተው ሲገኙ አፋቸው በቁስል ተልጦ፣ ትራሳቸው በደም ርሶ ነበር። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ብዙም አልተቸገረም። ሴትዮዋ ለቁርጥማታቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ኪኒን ነበራቸው። ያንኑ ኪኒን በየቀኑ የወሰደ ሰው ደሙ ይነጥፋል፣ አፉ ይላጣል፣ ይሞታል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው ብሎ ፈረመ።

ኪኒኑን የምትሰጣቸው ልጃቸው ሶስና ብቻ ነበረች። የሰቆጣ ሰው ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። አፈሩ ገና ሳይደርቅ «እናቷን የበላች» የሚል ስም አወጣላት፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ እንጀራዋን ሳይነካ ይወጣ ጀመር።

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ወደ ቤቱ የሄደችው በሰልስቱ ዕለት ነው። አለቃዋ ሶስናን ይዘሽ ነይ ብሏታል። ይመኙሻል ራሷ የዚሁ በሽታ እስረኛ ናት፤ በተቀመጠችና በተነሳች ቁጥር ጉልበቷ ቋ ይላል። ባልደረቦቿ ሌባው ሳትደርሺበት ሰምቶሽ ያመልጣል እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች፤ ግን ወዳ አይደለም።

ሶስና የመድኃኒቱን ጠርሙስ አምጥታ ሰጠቻት። ክዳኑ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ዓይነት ነው። ይመኙሻል በራሷ ጣቶች ታገለችውና ቀና አለች።

«እናትሽ ይህን ራሳቸው ይከፍቱት ነበር?»

«በየትኛው ጣታቸው? ማንኪያ እንኳ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ።»

በዚህ መልሷ ልጅቷ የመሰቀያ ገመዱን በገዛ እጇ አንገቷ ላይ አጠለቀች። ይመኙሻልን ያስገረማት ግን ሌላ ነው። ጠርሙሱ መጉደል የሚገባውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አልጎደለም። ሴትዮዋን የገደለው ኪኒን ከዚህ ጠርሙስ አልወጣም።

አፋቸው ሲቆስል ለምን ሐኪም ቤት እንዳልወሰደቻቸው ስትጠይቃት ሶስና አለቀሰች። እናትየው እምቢ ብለው ነው። በጾሙ ጠዋት ጠዋት ጠበል ይጠጡ ነበር፤ ከዚያ ውጪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ቁስሉ ሲወጣ «ጠበሉ በሽታዬን እያወጣው ነው፣ እንዳታቋርጡብኝ» ብለው እንዲጨመርላቸው ለመኑ። እጮኛዋ ትእዛዙ ከምንጩ ይቀዳል፣ አጎቷ አቶ መንግሥቴ ጸሎት አድርሰው ያጠጧቸዋል። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር።

አቶ መንግሥቴ የሟች ወንድም ናቸው። ሐዘናቸው ከባድ ነው፣ የቤቱን ቁልፍ ግን ከቀብር መልስ ነው የጠየቁት። «ልጄ፣ ምን ትመረምሪያለሽ? ቤቱን ልትወርስ ገደለቻት» አሉና በአገሩ ቋንቋ በኸምጣንጋ አንድ እርግማን አከሉበት።

ትእዛዙ በወልዲያ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ ጨዋ ሰው ነው። የወይዘሮ ጥሩሐረግን መድኃኒት ከደሴ የሚያመጣውም እሱ ነበር። ሶስናን ዓመታት ጠብቋታል፤ ሟች እንደ ልጃቸው ይመርቁት ነበር።

«ሶስናን ተዋት» አለ። «ራሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ጠበል ይዤ ስገባ፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ተነስተው ከጠርሙሱ አውጥተው ሲውጡ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ይመኙሻል አመስግናው ተነሳች፤ ጉልበቷ ቋ አለ።

ከሰዓት ለቀስተኛው ሲቀል ሦስቱን ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። በሃይላንድ የያዘችውን ድፍርስ ጠበል በሦስት ኩባያ ቀድታ ፊታቸው አኖረች።

«ትእዛዙ ዋሽቶኛል» ብላ ጀመረች። «የሴትዮዋ ጣት ክዳኑን አይከፍትም። እንደ እኔው ሲነሱ ጉልበታቸው ቋ ብሎ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር፤ ኮሽታ ሳያሰሙ የሚሉት ነገር የለም። ደግሞ በፍልሰታ ጠዋት ኪኒን በውኃ የሚውጡ ሰው አልነበሩም።»

ሶስና እጮኛዋን አየችው። «እኔን ለማዳን ነው» አለች።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ። ለሚወዷት ሲሉ መዋሸት ያለ ነው። ግን ኪኒኑ በየጠዋቱ ገብቷል። ጠዋት አፋቸው የሚገባው ጠበል ብቻ ነው። ጠበሉ ውስጥ እምነት የሚባለው የተባረከ አፈር ይበጠበጣል፤ ድፍርስ ስለሆነ የተፈጨ ኪኒን አይታይበትም። ይህን ጠበል የነኩ እጆች ሁለት ናቸው። የተረፈውን እንካችሁ፣ ለነፍሳቸው ቅመሱ።»

አቶ መንግሥቴ አማትበው ኩባያቸውን እስከ አተላው ጨለጡት። ሶስናም የእናቴ ጠበል ነው ብላ ኩባያውን ወደ አፏ አነሳች። ከንፈሯ ሳይደርስ ትእዛዙ በእጁ መታው፤ ኩባያው ተንከባሎ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

ይመኙሻል የወደቀውን ኩባያ አነሳች።

«ዛሬ ጠዋት ራሴ የቀዳሁት ነው» አለች ይመኙሻል። «ንጹሕ ነው። ከሟች አልጋ ሥር የተገኘው ታሽጎ ለምርመራ ሄዷል። አቶ መንግሥቴ ጠበሉ ውስጥ ያለውን ስለማያውቁ ጠጡ። አንተ ግን ታውቃለህ። መድኃኒቱን ከደሴ የምታመጣው አንተ ነህ፤ የቤቱ ጠርሙስ ስላልጎደለ ሌላ ጠርሙስ ደብቀህ ገዝተሃል። ሌላ ሰው ቢጠጣው ዝም ትል ነበር፤ አቶ መንግሥቴ ሲጠጡ ዝም ብለሃል። እሷ ስትሆን ግን እጅህ ቀደመህ።»

ትእዛዙ አልካደም። ፊቱን ያዞረው ወደ ሶስና ነው።

«ስንት ጊዜ ለመንኩሽ?» አላት። «እናቴን ሳልቀብር የትም አልሄድም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሰው በቁርጥማት አይሞትም፤ ዕድሜ ልክ ይሰቃያል እንጂ። አንቺም አብረሽ ታረጂ ነበር። የገላገልኩት ሁላችንንም ነው።»

«በየጠዋቱ ይመርቁህ ነበር» አለች ይመኙሻል።

«አዎ» አለ ትእዛዙ። «ይመርቁኝ ነበር።»

አቶ መንግሥቴ ባዶውን ኩባያ እንደያዙ አፋቸውን ደጋግመው ጠረጉ። እህታቸውን መርዙን በገዛ እጃቸው፣ በስመ ሥላሴ ብለው እንዳጠጧቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ሶስናን ይቅርታ ለመጠየቅ ቀና አሉ። እሷ ግን አላየቻቸውም።

ካቴናው ሲገባለት ትእዛዙ እግሩን ተክሎ ቆመ። የሶስና ስም ከሐሜት ነጽቷል፣ ከእስርም ድናለች፤ እሱ ግን አሁንም የራሱን ነው የሚያስበው።

«እኔ ዓመታት ጠብቄሻለሁ» አላት። «ትጠብቂኛለሽ?»

ሶስና ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿ እንደ ሌላው ቀን ነበር።

«ቀብር ጨርሻለሁ» አለችው። «እናቴንም አንተንም።»