አሥራ አራተኛው ገጽ

እኔን የሚወድ ሰው ይገኛል ብዬ አላስብም ነበር። የግንባታ ተቆጣጣሪ ነኛ! በከተማችን እኔን ያየ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያለፈቃድ የሠራው ጋራዥ ነው። በመንገድ ሳልፍ ሴቶቹ መጋረጃ ይስባሉ፣ ግንበኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሲጋራ ይለኩሳሉ። እናቴ ሞታለች። አባቴ በስትሮክ ግራ ጎኑ ከተያዘ አራት ዓመቱ ነው፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ሁለታችን እንኖራለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ ባል የሚባለውን ነገር ትቼ የአባቴን የመድኃኒት ሰዓት ነበር የምጠብቀው።

ራስትኮ በመጋቢት ወር በአንዱ ማክሰኞ መጣ። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ነጭ ሲሚንቶ አለ። ወረቀቶቹን በዳቦ ፌስታል ይዞ መስኮቴ ፊት ቆመ።

«ወረቀትዎ አልተሟላም» አልኩት ቀና ሳልል።

«ኧረ ገና አላዩትም!»

«ማየት አያስፈልገኝም። የማንም ተሟልቶ አያውቅም።»

ሳቀ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ቀና አልኩ። ቀና ባልል ኖሮ ምናለበት!

ነገሩ ያው የሁሉም ሰው ነገር ነው። አባቱ፣ እንደ ሁሉም አባት፣ ለልጄ ትዳር ብሎ በቤቱ ላይ ፎቅ ጀመረ። እንደ ሁሉም አባት ፈቃድ አልጠየቀም። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ሞተ። አሁን አዲሱ ሕግ ምሕረት አድርጓል፣ ግን ቀን ቆርጧል። ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው ኅዳር አንድ በፊት ጣሪያው የተገጠመ ቤት ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ የተገጠመ ይፈርሳል። በዚያን ሰሞን ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አለን፣ ሁሉም ጣሪያ እሱ ላይ ይታያል። የእነ ራስትኮን ግን ትልቅ የለውዝ ዛፍ ሸፍኖታል።

«ጣሪያው መቼ ነው የተገጠመው?»

«ቅጠል ሲረግፍ።»

«ከኅዳር በፊት ወይስ በኋላ?»

«እኔ እንጃ። አባቴ የሞተ ሰሞን ነው፣ ቀን አልቆጥርም ነበር» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። አልገፋሁትም። እውነቱን ለመናገር ማወቅ አልፈለግኩም።

«እንግዲያው ሁለት ጎረቤት ይመስክርልዎት» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። የካርታ ግልባጭ፣ የወራሽነት ወረቀት፣ የጎረቤት ስምምነት። አንዱን ሲያመጣ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል። እኔ ሆን ብዬ ያመላለስኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም እግዜር ይቅር ይበለኝ። በአምስተኛው ምልልሱ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ቡሬክ የሚባል የሊጥ ጥቅል ይዞ መጣ።

«ይሄ ጉቦ ነው?»

«ጉቦ ቢሆን ኖሮ ሥጋ ያለበትን አመጣልዎት ነበር። ይሄ በአይብ ነው።»

ጋሽ ጋቭሪሎ፣ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ፣ ከጥግ ሆኖ «ብዪ እንጂ ልጄ! ለአይብ የታሰረ ሰው የለም» አለ። ቢሯችን እኔና እሱ ብቻ ነን። ፋይሉን ለሌላ ተቆጣጣሪ ማስተላለፍ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ሌላ ተቆጣጣሪ ግን ከየት ይምጣ? ወጣቱ ሁሉ ኦስትሪያ ነው። ራስትኮንም የአጎቱ ልጅ ሊንዝ ላይ ሥራ ይዞለት እየጠበቀው ነበር።

«ወረቀቱ ከመጣ እቀራለሁ» አለኝ አንድ ቀን በወንዙ ዳር አብረን ስንሄድ። «ካልመጣ እሄዳለሁ። ታች ቤት አንድ ክፍል ናት፣ እሷም የእናቴ ናት። በሠላሳ አራት ዓመቴ እናቴ እግር ሥር ተኝቼ ሚስት አገባለሁ?»

«ሚስት የምትሆን ማን አለችህ?» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። ሁለታችንም ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን።

ለቁጥጥር የሄድኩት በሚያዝያ ነው። ፎቁ ልስን የለው፣ መስኮት የለው፤ ባዶ ጡብ ነው። እሱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ከጥግ ጥግ ይሄዳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ ላይ የእያንዳንዱን ክፍል አገልግሎት መሙላት ግዴታ ነው።

«ይሄኛው ምንድነው?»

«ወጥ ቤት።»

«ይሄስ?»

«መኝታ ቤት።»

«ያ ጸሐይ የሚገባበትስ?»

ሜትሩ በመካከላችን ተወጥሮ ቆመ። ዓይኑን ሳይነቅል «የአባትሽ» አለኝ።

«የማን?»

«የአባትሽ። የዚህ ቤት ደረጃ አሥራ ስድስት ብቻ ነው፤ የእናንተ ሰባ ሁለት ነው። ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። እሱን ጥለሽ የትም እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ጥለሽው ነይም አልልሽም። እዚህ ይምጣ። ከመስኮቱ ወንዙን ያያል።»

ሰው በአበባ ይጠየቃል፣ በቀለበት ይጠየቃል፤ እኔ በቅጽ ተጠየቅኩ! ቅጹ ላይ «መኝታ ቤት ሁለት» ብዬ ጻፍኩና አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት በሠራሁበት ሥራ ቅጽ ላይ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱም ሜትሩን ለቀቀና መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ጎረቤቶቹ መሰከሩ። ፋይሉ አሥራ ሦስት ገጽ ሞላ። የሚቀረው ማክሰኞ ወደ አውራጃው ኮሚሽን መላክ ነበር። ለአባቴ አዲስ ፒጃማ ገዛሁለት።

ዓርብ ዕለት የአንድ ሰውዬ የዶሮ ቤት ለክቼ ስመለስ የራስትኮ እናት እትዬ ዴሳንካ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«መጣሽ ልጄ? ‘ማስረጃ ማስረጃ’ ትላላችሁ አሉ። ይኸው፣ ከግድግዳዬ አውርጄ አመጣሁላችሁ!»

ፎቶ ነው። ጋሽ ጋቭሪሎ ተቀብሎ፣ ጀርባው ላይ ማኅተም መትቶ፣ «ገጽ 14» ብሎ ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ፎቶው ላይ አዲሱ ጣሪያ አለ፤ ጣሪያ ሲገጠም እንደሚደረገው፣ አናቱ ላይ በተዘረጋው ገመድ ጎረቤት ሁሉ ለአናጢዎቹ ያመጣው ሸሚዝ ተሰቅሏል። ዋናው አናጢ የራኪያ አረቄውን ወደ ላይ አንስቷል፤ እትዬ ዴሳንካም ጥቁር ለብሰው ደጁ ላይ ቆመዋል። ከታች ጥግ ላይ ካሜራው በብርቱካንማ ቁጥር ቀኑን ጽፏል፦ የዚያው ዓመት ኅዳር ሃያ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ዴሳንካ... ለምን ይሄን ያህል ዘገየ?»

«አልዘገየም እኮ! እንጨቱ ተጠርቦ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። አናጢዎቹ ‘እንግጠመው’ አሉ፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የባሌ አርባ ሳይወጣ በቤቴ አናት ላይ ሸሚዝ ተሰቅሎ ይዘፈናል? ሰው ምን ይለኛል? አርባውን አወጣሁ፣ መቃብሩ ላይ ስንዴና ወይን አደረስኩ፣ በማግስቱ ገጠምነው። ደግ አላደረግኩም?»

«ደግ አድርገዋል» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው?

ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመውኝ፣ «ሠርጉን በመስከረም እናድርገው» ብለው ሄዱ። ጋሽ ጋቭሪሎ ፎቶው ላይ ያለውን ቀን ያየው ያኔ ነው። መነጽሩን አወለቀ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን» አለ። «ወይ የእግዜር ሥራ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኔቬና ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። መዝገቡ ላይ ቀለም ቢደፋ ማንም አይገርመውም። ሰኞ ጠዋት ልደፋው እችላለሁ። የፎቶውን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ።»

ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ቀን ቤት ጠረጴዛው ላይ ከክብሪት አጠገብ አስቀምጬው ሳየው ዋልኩ። አባቴ በተሳሰረ ምላሱ «ማ... ናት... ሴትዮዋ?» አለኝ።

«አማቴ ናቸው» አልኩት።

አባቴ በደህናው በኩል ፈገግ አለ። ክብሪቱን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ብቻዬን ማድረግ አልፈለግኩም። ቤቱ የእኛ የሁለታችን ከሆነ ኃጢአቱም የሁለታችን ይሁን ብዬ እሑድ ራስትኮን ወንዙ ዳር ጠራሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ፎቶውንም ሰጠሁት።

ብዙ ጊዜ አየው። እናቱን በጣቱ ነካ።

«እናቴ ታውቃለች?»

«አያውቁም።»

«እንዳትነግሪያት። አደራ። በሷ ምክንያት እንደሆነ ካወቀች ትሞትብኛለች።»

«አልነግራቸውም። ራስትኮ፣ ምን ላድርገው?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። ክብሪቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሱ ወንዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ፎቶውን መልሶ ሰጠኝ።

«መልሺው» አለ።

«ምን?»

«ወደ ፋይሉ መልሺው። ቢታወቅ ትታሰሪያለሽ። አባትሽን ማን ያነሳዋል? በኔ ፎቅ የተነሳ?»

የሰማሁት ‘በኔ ፎቅ’ የሚለውን ብቻ ነው። የኛ አላለም። አሃ፣ አልኩ በልቤ፣ ልቡ ወደ ሊንዝ ሸፍቷል፤ ሰበብ አገኘ። በኩራቴ «እሺ» አልኩት። እንባዬን ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ገጽ አሥራ አራትን ቦታው መለስኩ። ጋሽ ጋቭሪሎ አየኝና የቀለሙን ጠርሙስ ከደነ።

ውሳኔው በሠላሳ ቀን መጣ፦ ይፍረስ። ባለቤቱ ራሱ ካላፈረሰ መንግሥት በማሽን ያፈርሳል፣ ያኔ ታችኛውም ቤት ይሰነጠቃል። ራስትኮ ራሱ አፈረሰው። ሸክላውን አወረደ፣ እንጨቱን አወረደ፣ ጡቡን አንድ በአንድ ነቀለ። ሙሉ ሰኔን ፈጀበት። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ገበያ በሌላ በኩል እዞር ነበር።

መፍረሱን ማረጋገጥ ግን ያው የእኔ ሥራ ነው። በሐምሌ ቅጼን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ዴሳንካ በሩ ላይ አቀፉኝ።

«አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ደክመሻል። እነዚያ ኮሚሽኖቹ ናቸው ጨካኞች። እጃቸው ይቆረጥ!»

ሽቅብ ወጣሁ። ባዶ ወለል ነው፤ ከላይ ሰማይ ብቻ። ራስትኮ ጡብ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል።

«ሐሙስ እሄዳለሁ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ይጠይቅሃል።»

ለመጻፍ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ መጻፍ አልቻልኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን መልሺው ያልከኝ መሄድ ፈልገህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሰው እንደዚያ ሲያይ አይቼ አላውቅም።

«እብድ ነሽ እንዴ? እምቢ የምትዪ መስሎኝ ነው! አቃጥይው ብልሽ አንድ ቀን ቢያስሩሽ ‘እሱ ነው ያለኝ’ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። መልሺው ብልሽ ደግሞ፣ ከወደድሽኝ፣ አልሰማህም ብለሽ ወንዝ ትከቺዋለሽ አልኩ። ‘እሺ’ አልሽ። እንደዚያ በቀላሉ ‘እሺ’ ስትዪ... ሥራሽን መረጥሽ ብዬ ቆረጥኩ።»

«ክብሪት ይዤ ነበር የመጣሁት» አልኩት። «ኪሴ ውስጥ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በባዶው ወለል ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየን፣ ማፈር አልነበረም። ፎቁ የለም፤ እሱ መቅረት አይችልም፣ እኔ መሄድ አልችልም።

ቅጹን ሞላሁት። ‘ሁለተኛ ወለል፦ ተወግዷል።’ ፈረምኩ። ከታች ‘የባለቤቱ አስተያየት’ የሚል ሁለት መስመር አለ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ እኔንና ዘመዶቼን ይሰድባል። እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ራስትኮ ብዙ አሰበ፣ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቅጹን አጥፎ ሰጠኝ።

ያነበብኩት ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው። «ተቆጣጣሪዋ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች» ይላል። ለጋሽ ጋቭሪሎ ሰጠሁት። እሱም አነበበው፣ ማኅተሙን መታበት።